የዘጠኝ ሰዓት ቁርስ

ሰቆጣ፣ ሐሙስ

ውድ ወንድሜ ኪዳኑ፣

ይህችን የመጀመሪያ መስመር ለመጻፍ ሁለት ወረቀት አበላሽቻለሁ። በአንደኛው ስምህን ብቻ ጻፍሁና ክስ መሰለብኝ። በሁለተኛው «ይድረስ ለአቶ ኪዳኑ ወልደ ጻድቅ» ብዬ ጀመርሁና በራሴ ሳቅሁ። ብናደድብህም ወንድሜ ነህና ይኸው እንደ ደንቡ ጀምሬልሃለሁ።

ትናንት ከላሊበላ ደወልህ። «ቅዳሜ ሰቆጣ እንገባለን፤ እኔ፣ ኤደን፣ አባቷና እናቷ። ሆቴል ከምንከፍል እቤት እናድራለን፤ አራት ሌሊት ብቻ ነው። አባባ አልጋቸውን ለአማቶቼ ቢለቁላቸው ምን ይመስልሻል?» አልህ። እኔም «እሺ» አልሁህ። በስልክ አንተን የረታ ሰው ስለሌለ ነው እንጂ እሽታው ከልቤ አልነበረም። ድሮም ጥፋተኛው አንተ ሆነህ ይቅርታ ጠያቂው ሌላ ሰው ነው። ወረቀት ግን ማቋረጥ አትችልም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ላሊበላ ለሚሄደው ለሚኒባሱ ሾፌር እሰጠዋለሁ፤ ካረፋችሁበት ድረስ ያመጣልሃል። ከመነሣታችሁ በፊት ብቻህን ሆነህ አንብበው።

የእማዬን ሙት ዓመት ባወጣን በሳምንቱ አባባ አጠገባቸው አስቀምጠውኝ፣ «ልጄ፣ ካህን ሚስቱ ስትሞት ሌላ አያገባም፤ ታውቂያለሽ። እኔም ፋሲካን ከዋልሁ በኋላ ገዳም ገብቼ ቆብ እደፋለሁ» አሉኝ። ያኑ ዕለት ደወልሁልህ። የሚመነኩስ ሰው በቁሙ ጸሎተ ፍትሐት እንደሚደረስለት፣ ከዚያ ወዲያ የዓለም ሰው እንዳልሆነ፣ ልጆች አሉኝ ብሎ እንደ ልቡ ወደ ቤቱ እንደማይመላለስ ላንተ መንገር አላስፈለገኝም፤ የቄስ ልጅ ነህ። አለቀስህ። በስልክ ስታለቅስ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ድምፅህን ጠርገህ፣ «ፍቅሬ፣ ከዚያ በፊት አንድ ሳምንት አብረን እንሁን። አባባ፣ አንቺ፣ እኔና ኤደን። ቤት ውስጥ አይደለም፤ ጎረቤት የማይገባበት፣ አባባን ለፍታትና ለክርስትና የሚጠራ የሌለበት፣ ውኃ ያለበት ቦታ። አርባ ምንጭ ይሁን» አልኸኝ።

ወንድምዓለም፣ ያን ቀን እንዴት እንደ ወደድሁህ ልንገርህ? ፃግብጂ የእማዬ ዘመዶች ዘንድ ስንሄድ ወንዙን በጀርባህ አዝለህ ያሻገርኸኝ ጊዜ ትዝ አለኝ። ውኃው ወገብህ ደርሶ ነበር፤ «ውኃውን አትዪ፣ ማጅራቴን እዪ» አልኸኝ። እኔም ማጅራትህን እያየሁ ተሻገርሁ። ዘጠኝ ዓመት ጀርመን ስትኖር ሰው «ወንድምሽ ረሳችሁ» ሲለኝ የምመልስለት ያችን ወንዝ እያሰብሁ ነበር።

ከዚያ ደግሞ «እጄ ላይ ብዙ የለም፤ አንቺ በርካሽ ፈልጊ» አልህ። ለዚህማ ማን ብሎኝ! መናኸሪያው አጠገብ ያለችውን ፎቶ ኮፒ ቤቴን ታውቃታለህ። ሰው ፎርም ሊያስሞላ፣ መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርግ ይመጣል፤ እኔ አንድ ዓይኔ ማሽኑ ላይ፣ አንድ ዓይኔ የአውሮፕላን ዋጋ ላይ ሆነ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ኔትወርኩ ሳይጨናነቅ እከፍታለሁ። የአውሮፕላን ዋጋ እንደ በግ ዋጋ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ በዓል ሲቀርብ ይሰቀላል፣ በጾም ይወርዳል። ዓርብና እሑድ አይቀመስም፤ ማክሰኞ ይሻላል። መሄጃና መመለሻው አንድ ላይ ሲያዝ ይቀንሳል። ከላሊበላ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ፣ ሁሉን አገናኝቼ ከሁሉ የረከሰውን ማክሰኞ አገኘሁና ቀኑን ላክሁልህ። አንተም አዲስ አበባ ባለው ወኪልህ በኩል ቆረጥህ።

ማረፊያው ላይ ደግሞ ራሴን በለጥሁ። የሎጁን ዋጋ ድረ ገጹ ላይ አየሁና እዚያ ሳልይዝ በቀጥታ ደወልሁ፤ የደላላው ድርሻ ወዲያው ወደቀልኝ። የውጭ ፓስፖርት ለያዘ ሌላ ዋጋ፣ ለአገር ሰው ግማሹ መሆኑን ሰማሁ። ስለዚህ ሁለቱንም ክፍል በእኔና በአባባ ስም አስያዝሁ፤ አንዱ ለእናንተ፣ አንዱ ለእኛ። ስልኩን የምታነሣው ሊድያ የምትባል የእንግዳ መቀበያ ልጅ ናት።

«በዐቢይ ጾም ማን ይመጣል ብለሽ ነው?» አለችኝ። «ሰርግ የለ፣ ጫጉላ የለ። ፈረንጁም ገና ሲያልፍ ሄዷል።»

«እንግዲያስ ክፍሉ ባዶውን ከሚያድር ቄስ አሳድሩበት» አልኋት።

ሳቀችና ቀነሰችልኝ። ስትስቅ ያገኘኋትን ዕድል አልለቀቅሁም፤ እንደገና አስቀነስኋት። በመጨረሻ ግን፣ «እህቴ፣ ከዚህ በታች አለቃዬ ያባርሩኛል። ይህ ዋጋ በነዚህ ስሞች ብቻ ነው። ስም ከተቀየረ እንደ አዲስ ነው የሚታሰበው» አለች። ምናልባት ሰው ቢጨመር ብዬ የሦስተኛ ክፍል ዋጋ እንኳ ሳይቀር ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ። ሁሉንም ለአንተ አስተላለፍሁ። «ርካሽ ዋጋ ስም አይቀየርበትም» ያልሁህ እኔው ነኝ። አሁን ሳስበው ምላሴን በነከስሁት ኖሮ!

ከዚያ የቁርሱ ነገር መጣ። «ቁርስ ዋጋው ውስጥ አለ» አለችኝ። ከአንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ነው። አባባ ደግሞ በጾም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውኃ እንኳ አይቀምሱም። ስምንት ጊዜ የተከራከርሁበትን ክፍያ ለማይበላ ቁርስ ልክፈል እንዴ? ያለ ቁርስ ይቀነስልን ብላት እንቢ አለች።

«እንግዲያውስ የአባቴን ቁርስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አድርጉላቸው። እንቁላልም ቅቤም ያልነካው ይሁን» አልኋት።

«የዘጠኝ ሰዓት ቁርስ?»

«አዎ፣ የዘጠኝ ሰዓት ቁርስ።»

ስልኩን ይዛ ወጥ ቤት ድረስ ሄደች፤ ሲሳሳቁ ይሰማኛል። ተመልሳ፣ «ወጥ ሠሪያችን ኦርቶዶክስ ናት፣ ደስ ብሏታል። እኔ እንኳ ፕሮቴስታንት ነኝ፤ ግን አያቴ ጾመኛ ነበረች። የአባታችንን ሽሮ እኔው ራሴ ቆሜ አስጠብቃለሁ» አለችኝ። ይህን ድል ለሰቆጣ ሕዝብ ሁሉ ነው ያወራሁት። ላንተም ነገርሁህ፤ «አንቺስ ሰይጣን ነሽ» ብለህ ሳቅህ።

አንድ ችግር ቀረ። ያ ርካሽ ማክሰኞ የዋለው በአባባ ሰሞን ላይ ነበር። ካህናቱ በየሳምንቱ እየተፈራረቁ እንደሚያገለግሉ፣ አባባ ደግሞ ከቀሰሱ ጀምሮ አንድም ጊዜ ሰሞናቸውን ለሌላ ሰጥተው እንደማያውቁ ታውቃለህ። እማዬ ያረፈች ሳምንት እንኳ ቀብረዋት ተመልሰው ቅዳሴ ገብተዋል። ዋጋው ለሌላ ሳምንት እጥፍ መሆኑን ስነግራቸው፣ «ጾም ለመንሸራሸር ነው እንዴ የተሠራው?» አሉኝ። እኔም «ግማሽ ዋጋ ነው አባባ» አልሁ። ሳቁ። ከዚያ ጋቢያቸውን ለብሰው ቄስ ካሤ ዘንድ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኋቸው።

ቄስ ካሤ ማመን አልቻሉም። «የኔታ፣ ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች? እርስዎ ሰሞን ሊለውጡ?»

አባባም፣ «ልጆቼ ጠርተውኝ ነው ካሤ። ሁለቱም ልጆቼ ጠርተውኝ» አሉ።

እንዴት አድርገው እንዳሉት ብትሰማ! ኩራት ኃጢአት መሆኑን እያስተማሩ ያሳደጉን ሰው፣ ያን ቀን ግን ተኩራሩ። በማግሥቱ በሶ አስፈጩኝ፤ ሎጅ ሄዶ በሶ የሚበጠብጥ ሰው አይቼ አላውቅም ብላቸው፣ «ታዲያ የሎጁን ምሳ ማን ይችለዋል? ኪዳኑን አናስጨንቀው» አሉኝ። አውሮፕላን ውስጥ መስቀል ይዞ መግባት ይፈቀድ እንደሆነም ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። አንተን ላለማስጨነቅ በሶ ያስፈጩትን ሰውዬ ነው የምነግርህ፣ ኪዳኑ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምእመኑ ሸኛቸው። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ላሊበላ ልንሄድ፣ ማክሰኞ ልንበር ነበር። የአብነት ተማሪዎቻቸው ቆመው ዘመሩላቸው፣ ሴቶቹ ለመንገድ የጾም ዳቦ አሸከሙኝ። አባባም ሁሉን መርቀው «ከልጆቼ ጋር ሰንብቼ እመጣለሁ» አሉ። ገዳም የመግባታቸው ነገር ስለሚታወቅ ያለቀሱም ነበሩ። ቤት ሳንደርስ ስልኬ ጠራ፤ አንተ ነህ።

«ፍቅሬ፣ መጥፎ ዜና አለ። ሎጁ ለጥገና ተዘጋ አሉ። ሌላው ቦታ እጥፍ ነው። ገንዘቡ እንዳይቃጠል ብዬ ትኬታችሁን ወኪሉ ሰርዞታል። እኛም አዲስ አበባ ቀርተናል። ከፋሲካ በፊት ሰቆጣ እመጣለሁ፤ ለአባባ አንቺ አስረጂልኝ።»

አመንሁህ። ከማመንም አልፌ፣ ጥገና የሚሠራውማ ክፍሉ ባዶ በሆነበት በጾም ነው ብዬ ምክንያት አዋጣሁልህ። ስልኩን ለአባባ ሰጠኋቸው። አባባም ዳቦው ትከሻዬ ላይ እንዳለ መንገድ ዳር ቆመው አጽናኑህ። «አይዞህ ልጄ፣ አንተም ለፋህ። የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆኖ ነው» አሉህ። ያን ስትሰማ ምን አልህ? እኔ የሰማሁት የእርሳቸውን ብቻ ነው። ምን ብለህ እንደ መለስህላቸው እስከ ዛሬ ልጠይቃቸው አልደፈርሁም።

ሰኞ ጠዋት አባባ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ሰሞናቸውን ለቄስ ካሤ ስለሰጡ መቅደስ አልገቡም፤ ከምእመኑ ጋር ቆመው አስቀደሱ። ያገኛቸው ሁሉ «የኔታ፣ አልሄዱም እንዴ?» ይላቸዋል፤ እርሳቸውም «ቤቱ እየታደሰ ነው አሉ» ይላሉ። ሳምንቱን በሙሉ እንዲህ እያሉ ከረሙ።

ዓርብ ቀን ሱቅ ውስጥ ሆኜ ሊድያ ደወለችልኝ። ጥገናው አልቆ ልትጋብዘን መስሎኝ ደስ አለኝ።

«እህት ፍቅርአዲስ፣ አባታችን ደኅና ናቸው?» አለችኝ።

«ደኅና ናቸው፤ ምነው?»

«አይ፣ ታመው ደብቀውን እንዳይሆን ብዬ ነው። ቁርሳቸውን ለዘጠኝ ሰዓት እያዘጋጀን ሦስት ቀን ሙሉ ሳይነካ ተመለሰ። ጠዋት ነው የሚወርዱት፤ እንቁላል በቅቤ ያዝዛሉ። ሕመም ካለባቸው ለወጥ ሠሪዋ እንድነግራት ፈልጌ ነው። ልጃቸውን ብጠይቀው ‹አባቴ መንገደኛ ስለሆኑ ጾሙ ተፈቅዶላቸዋል› አለኝ። ወጥ ሠሪያችን መስቀል ልትሳለም ብትጠጋም ‹መስቀላቸውን ረስተውት ነው› አላት። እሷ ደግሞ አዝናለች።»

«የትኛው ልጃቸው?»

«ከጀርመን የመጣው ነዋ፣ ከባለቤቱ ጋር። በአንቺ ፋንታ የመጡት እናትሽም ደኅና ናቸው፤ ትናንት በጀልባ ሄደው በጣም ደስ ብሏቸው ነው የተመለሱት።»

እናትሽ አለችኝ። እናቴ በጀልባ ሄዳ ደስ ብሏት ተመለሰች።

ማሽኑ ወረቀት እያወጣ ነበር፤ አላጠፋሁትም። የማንን መታወቂያ እንደማባዛ ረስቼ ሃያ ጊዜ አባዛሁት። አንድ ቃል ብናገር ሊድያ ያን ሁሉ ዋጋ እንደ አዲስ ታስብብህ፣ በአማቶችህ ፊትም ትዋረድ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የኤደን አባት አቶ ጌታሰው ታዩኝ። እርሳቸው አማቻቸው ጋብዟቸው ነው የሄዱት፤ በማን ስም እንደ ተኙ፣ በማን ስም እንቁላል እንደ በሉ ያውቁ ይሁን እኔ አላውቅም። ስለዚህ፣ «ሊድያ፣ ለወጥ ሠሪያችሁ ንገሪያት፤ እኒያ ሰው ቄስ አይደሉም። መስቀልም አትጠይቃቸው፤ በቄስ ወልደ ጻድቅም አትዘን» አልኋትና ዘጋሁት። ምን እንደ ተረዳች እንጃ። ከዚያ በኋላ አልደወለችም።

ኪዳኑ፣ አማቶችህን መጋበዝህ ነውር አይደለም። ብትነግረን አባባ ራሳቸው «ለእነሱ ይሁን፣ እኛ እንቀራለን» ባሉ ነበር። ወይም ያን ሦስተኛ ክፍል ይዘህ ሁላችንም በሄድን። አንተ ግን የአባትህን ስም አንሥተህ ለሌላ ሰው አለበስህ። አርባ ዓመት ያገለገሉበትን ቅስና ለአምስት ሌሊት አከራየኸው። አፈር የተጫናትን እናታችንን በጀልባ አስቀመጥሃት። እኔም ያን ሁሉ ጠዋት እየተነሣሁ ዋጋ የለቀምሁት፣ ያን ሁሉ የተከራከርሁት አባቴን አስቀርቼ የማላውቃቸውን ሰዎች ለማዝናናት ኖሯል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይላሉ። ንቀኸናል። ሰቆጣ ስለሆንን፣ ስለማንሰማ፣ ብንሰማም ዝም ስለምንል ንቀኸናል።

ሊድያ ከደወለችልኝ ጀምሮ አምስት ቀን ጠበቅሁህ። ደውለህ «ፍቅሬ፣ አጥፍቻለሁ» ትላለህ ብዬ ነበር። ትናንት የደወልኸው ለአልጋ ነው። ሳትዘጋውም ስልኩን ለኤደን ሰጠሃት፤ «ፍቅሬ፣ አባባን ለማየት ቸኩያለሁ። ታመው ከአርባ ምንጩ ጉዞ መቅረታቸው በጣም ነው ያሳዘነኝ። አሁን ተሻላቸው?» አለችኝ። ለእሷ ደግሞ አሳመምሃቸው! ለእኛ ሎጁን ዘጋህ፣ ለሚስትህ አባትህን አሳመምህ፣ ለሊድያ ጾም አስፈታሃቸው። ለማያውቁሽ ታጠኚ ይባላል፤ እኔ ግን አውቅሃለሁ። «ተሽሏቸዋል» አልኋት። ድምፅዋ ደግ ነው። ከአንተ ጋር የጀመረችውን ኑሮ ሳስብ አዘንሁላት።

ለአባባ አልነግራቸውም ብዬ ነበር። ገዳም ሲገቡ ንጹሕ ልብ ይዘው ይግቡ፣ እኔ ተሸክሜው ልቅር ብዬ ነበር። ግን ትመጣላችሁ ሲባሉ የሆኑትን ብታይ! ትናንት ከሰዓት አልጋቸውን ወደ ደጅ አውጥተው አራገፉ። የላላውን ጠፍር ማጥበቅ ጀመሩ። «የከተማ ሰው ጀርባው ስስ ነው» ይላሉ። የእንግዳ እግር ማጠቢያውን ሳፋ በአመድ ፈተጉት። እንግዳ ሲመጣ በእጃቸው እግር ካላጠቡ እንደማያርፉ ታውቃለህ። የአቶ ጌታሰውን፣ የባለቤታቸውን፣ የኤደንን እግር ያጥባሉ። የአንተንም። አባቴ በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ስማቸውን ሸጦ አድሮ የመጣውን ልጅ እግር ሲያጥቡ ቆሜ ላይ አልችልም። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ነገርኋቸው። ሁሉን ነገርኋቸው፤ ከእንቁላሉ እስከ ጀልባው።

ጠፍሩን መሳብ አላቆሙም። አንዱን ረድፍ ጨርሰው ሌላውን ያዙ። ከዚያ በልጅነት ቋንቋቸው በኽምጣኛ ለራሳቸው አንድ ነገር ተናገሩ። ከእማዬ ሞት ወዲህ ከእኔ ጋር ሆነው በኽምጣኛ ሲናገሩ አልሰማሁም ነበር። ሲከፋቸው ብቻ እንደሚመለሱበት ታውቃለህ።

«ሰውዬው እንቁላሉን በእኔ ስም በሉ?» አሉኝ።

«በስምዎ አባባ።»

«ምስኪን። አላወቁም።»

«ኪዳኑ ግን ያውቃል።»

የያዙትን ጠፍር ቋጠሩና፣ «ይምጡ» አሉ። «እንግዳ ከደጅ አይመለስም። አልጋውም ይነጠፋል።»

«እኔ ልጽፍለት ነው አባባ። ዝም ልለው አልችልም።»

«ጻፊለት። ስድብ ግን አታግቢበት።»

ስድብ ልጽፍ ሁለት ቦታ ላይ ዳድቶኝ ነበር፤ ለእርሳቸው ብዬ ተውሁት። ስለዚህ ቅዳሜ ኑ። አማቶችህን በክብር እንቀበላለን፤ ለእነሱ አንድ ቃል አልተነፍስም። አንተ ግን ደጃፉን ሳትረግጥ አባባን ለብቻቸው አግኝተህ በራስህ አፍ ንገራቸው። ያንን ካላደረግህ እግርህን እንዲያጥቡህ አልፈቅድም፤ ሳፋውን ከእጃቸው ነጥቄ እደፋዋለሁ። ቁጡ መሆኔን ታውቃለህ። ከአሁን ወዲያ ትኬትም ማረፊያም እንድፈልግልህ አትጠይቀኝ። ፋሲካ አልፎ አባባን ወደ ገዳም ስሸኝ ብትመጣ መንገድ አልዘጋብህም፤ ባትመጣም ጠብቄህ አልቆምም። በወንድምነትህ እንድተማመን ግን ከእንግዲህ አትጠብቅብኝ። የምወድህን ያህል ተከድቻለሁ፤ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

ይህን እየጻፍሁ ሳለ አባባ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ያነቡታል ብዬ ነበር፤ ወረቀቱን አላዩትም። እጃቸው በጠፍሩ ተልጦ ነበር፤ እያሻሹት ቆዩ።

«ያ ሦስተኛው ክፍል» አሉኝ። «ስንት ነበር ያልሽኝ?»

«ለአምስቱም ሌሊት አሥራ ሁለት ሺህ ብር።»

«እሱ በዚያ አገር ይህን በስንት ጊዜ ያገኘዋል?»

ልዋሻቸው አሰብሁ። ወር ይፈጅበታል፣ ሁለት ወር ይፈጅበታል ልላቸው ፈለግሁ። ግን በዚህ ቤት ውሸት በአንተ ይብቃ ብዬ እውነቱን ነገርኋቸው።

«አንድ ሙሉ ቀን አይፈጅበትም አባባ።»

እጃቸውን ማሻሸት ተዉ።

«እኔ ብዙ መስሎኝ ነበር» አሉ።

መንገዳችሁን ያቅናላችሁ።

እህትህ
ፍቅርአዲስ ወልደ ጻድቅ